የኦብሴ ሰርግ ጠላ

ኅዳር 14 ቀን 2017

እማማ አማከለች ትናንት ልብስ ሲያሰጡ አዳልጧቸው ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሯል፤ ጀሶ ታሰረላቸው። የልጃቸው የኦብሴ ሰርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ጀሶው ገና ሳይደርቅ ጠላውን ማን ይጥመቅ የሚለው ወሬ ተጀመረ።

ራት ላይ እማማ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ «የሰርግ ጠላ የጠመቀች የቤት ልጅ ናት፤ ሌላው እንግዳ ነው» አሉ። ስም አልጠሩም። በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆና የኖረችው ምራታቸው እኔ ብቻ ነኝና መጥራት አላስፈለጋቸውም።

«እኔ እጠምቃለሁ» አልኩ።

ኦብሴ ሳቀች። ለታ፣ ባሌ፣ ውሃ ጠጣ። ነገር ሲመጣ ለታ ውሃ ይጠጣል። እማማ ግን ቀስ ብለው «ወጋየሁ፣ አንቺ ጴንጤ ነሽ፣ ጠላ አትቀምሺ። በምን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

በዓይኔ አልኳቸው። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ያለ ልብስ ስፌት ቤት ኳሊቲ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እያገላበጥኩ ነጠብጣብ፣ የተዘለለ ስፌት፣ የተንጠለጠለ ክር እለቅማለሁ። ከዓይኔ ያመለጠ ነገር ካለ ይምጣና ይናገር። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባል የለ?

ኅዳር 18

ኦብሴ ለቡ ያለውን አዳራሽ ልታይ ሄዳ ፊቷን አጥቁራ ተመለሰች። ጋን አይገባም ተብላለች፤ ምንጣፉ ይበላሻል። የሚገባው የታሸገ መጠጥ ብቻ ነው።

«በቃ በጠርሙስ ይሁና» አለች በኋላ። «እንደ ወይን። ስማችን ይለጠፍበታል።»

የሙሽራው የቦንሳ ዘመዶች ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ፉሪ እኛ ግቢ ሲመጡ ጫማቸውን እያዩ ነው የሚራመዱት። እማማ «ጠላ በጠርሙስ ይታፈናል» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ጋን ውስጥ ያለ ጠላ አይታይም፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ግን ይታያል። የሚታይ ነገር ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ኅዳር 23

ጋን በግራዋ ማጠብ። በወይራ ማጠን። ጌሾ መውቀጥ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በደህናው እጃቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ እታዘዛለሁ። ጥንስሱ ገባ። ጭሱ ፀጉሬ ውስጥ ቀርቶ ሥራ ቦታ ልጆቹ «ጠላ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ታኅሣሥ 5

የሙከራውን ዛሬ ሞላሁ። ጠርሙሶቹን ከቆራሌው ነው ያገኘኋቸው፤ ቀቅዬ፣ አንገታቸውን ሳይቀር በሽቦ ፈትጌአቸዋለሁ። ጠላውን በሻሽ አጥልዬ ቀዳሁ፣ ቡሽ መታሁበት፣ መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። ፀሐይ ሲያርፍበት ማር መሰለ። ለታን ጠርቼ አሳየሁት። «ቆንጆ ነው» አለ።

ታኅሣሥ 7

አተላ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ሥር ጣት የሚያህል አተላ ተኝቷል። ጠርሙሱን ሲያነሱት አብሮ ይነሳና ሁሉንም ያደፈርሰዋል። በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ መብራት፣ የሙሽራው አክስቶች ፊት ይሄን ይዤ ልቀርብ ነው።

እማማን ጠየቅኳቸው። «አተላ የሌለው ጠላ የለም» አሉኝ። «ጠርሙሱን አታነቃንቂው። ቀስ ብለሽ ከላይ ከላይ ቅጂና የታችውን ተዪለት።»

ለማን ነው የምተውለት? እኔ ነጠብጣብ ያለበት ሸሚዝ ይዤ «ጀርባውን አትዩት» ብዬ ደንበኛ አልሸኝም።

ታኅሣሥ 8

ሌሊት ቡሾቹ እየተስፈነጠሩ ጣሪያ መቱ። ለታ ተኩስ መስሎት መሬት ተኛ። መጋረጃው፣ ግድግዳው፣ የአልጋው ልብስ ሁሉ ጠላ ጠላ ይላል። ከእንግዲህ በየማታው እየከፈትኩ አስተነፍሰዋለሁ። ሥራ ረፍዶብኛል።

ታኅሣሥ 12

መላ አግኝቻለሁ። ከትናንት በስቲያ የኮት ገበር ከምንሠራበት ነጭ ፎደራ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ። እጥፍ አድርጌ፣ ጥጥ መሐሉ ጠቅጥቄ፣ ሁሉንም ከጠርሙስ ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ጠርሙስ አጠለልኩት። በማግስቱ እንደገና ትንሽ አተላ ዘቀጠ፤ እንደገና ገለበጥኩት። ከአተላው ጋር ተያይዘናል፤ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።

እማማ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ጠላ በከፈትሽውና ባገላበጥሽው ቁጥር ይኮመጥጣል። ንፋስ አይወድም» አሉ።

አራስ ነው እንዴ ንፋስ የማይወደው አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «አይ እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት የጋኑን ነው» አልኳቸው። ሄዱ። ነጠላቸውን በአንድ እጅ ማስተካከል አቅቷቸው ሲጎተት አየሁት፤ ተነስቼ ላስተካክልላቸው ይገባ ነበር።

ለታ እንዲቀምስልኝ በብርጭቆ ሰጠሁት። «ንፋስ እየተቀበልኩ ልጠጣው» ብሎ ይዞት ወጣ። ግቢው ውስጥ ያለው ፓፓያ ሥር ቆሞ ቆየና ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለኝ።

ታኅሣሥ 13

ከአምልኮ በኋላ ወንድሜ ብሩኬ አብሮኝ መጣ። መስኮቱን አየ። ብሩኬ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ያዝናል እንጂ። ከቁጣ የሚብሰው እሱ ነው።

«አትጠጪም፣ ግን ታጠጫለሽ» አለኝ።

«እጄ ነው የነካው፣ አፌ አልነካውም።»

«እማዬ ስትሞት ምን ብለሽ ነበር?»

ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ሆሳዕና ከተማ፣ አልጋዋ አጠገብ፣ እጇን ይዤ። ጠላም አረቄም በከንፈሬ አይዞርም ብያለሁ። አልዞረም። ብሩኬ ግን እኔ የምኖርበትን ቤት አንድ ሳምንት ኖሮ ይየው። መዘምራን ውስጥ ወንበር አለኝ፣ እዚህ ግን የምቀመጥበት በርጩማ እንኳ ስሜ የለበትም። አንዲት ቃል ከእማማ አፍ ብትወጣ፣ «የቤት ልጅ» ቢሉኝ፣ ምን ይጎዳዋል?

ታኅሣሥ 17

ለሰርጉ የሚሆነው ጥንስስ ዛሬ ተጀመረ። ጌሾው ጎድሏል። ከረጢቱን ሞልቼ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ግማሹ የለም። ጌሾ የሚበላ አይጥ ሰምቼ አላውቅም። ኦብሴን ጠየቅኳት፤ «እኔ ምን አውቄ፣ የጥፍር ቀጠሮ አለኝ» ብላ ሄደች። ሌላ ገዛሁ።

ታኅሣሥ 20

ጠርሙሱን በመብራት ፊት አገላብጬ ለእማማ አሳየኋቸው። ከሥሩ ምንም የለም። ጋዜጣ ከኋላው ብታስቀምጪ ፊደሉ ይነበባል።

እማማ ቀመሱ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ጠርቷል» አሉ።

ከራሳቸው አፍ። ሄደው ደግሞ ለእትዬ ወርቅቱ፣ ለጎረቤታችን፣ ሲናገሩ በአጥሩ ሰማኋቸው፤ «የወጋየሁ ጠላ ጠርቷል፣ እንዴት እንደጠራ ብታዪው።» እትዬ ወርቅቱ ምን እንዳሉ አልተሰማኝም።

ሽታው እርግጥ አፍንጫ ይወጋል። ጠላ መቼ ሽቶ ሆኖ ያውቃል?

ታኅሣሥ 29፣ ገና

እማማ ከጧት ጀምሮ እትዬ ወርቅቱ ቤት ናቸው። ሰሞኑን እዚያው ነው የሚውሉት፤ እጃቸው ስለማይሠራ ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው ይሆናል። ሲመለሱ ነጠላቸው ወይራ ወይራ ይላል። ለታም ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሄዶ በዚያው ቀረ፣ ማታ እያንጎራጎረ መጣ። የእኔን ጠርሙስ ከፍቼ ሳቀርብለት «ጠግቤአለሁ ወጋዬ» አለኝ። የሰው ቤት ሲጠግብ የራሱን ቤት የሚንቅ ባል ምን ይባላል?

ጥር 6

ሞላሁ። ሙሉ ቀን። ጀርባዬ።

ጥር 9

እንደገና ትንሽ አተላ። እንደገና ሁሉንም ገለበጥኩ፣ አጠለልኩ፣ ሞላሁ። ሥራ ቦታ ዛሬ ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ አሳልፌ አለቃዬ ጠራኝ። እኔን። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ።

ኦብሴ በስልክ «አዎ፣ በጀሪካን ይምጣ፣ በጓዳው በር፤ እሷ ግን እንዳትሰማ» ስትል ደረስኩባት። አየችኝና ዘጋችው። አዳራሹ ውሃ ይጠፋበታል ብላኝ ነበር፤ የውሃ ነው። እናቷን ማሳሰብ አልፈለገችም። ልጅቷ ለካ አሳቢ ናት።

ጥር 12

ፓፓያው ቅጠሉን እያረገፈ ነው። ሥሩ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ማነው እዚያ የሚደፋ? ለታን ጠየቅኩት፤ ውሃ ጠጣ።

ጥር 17

ነገ ነው። ጠርሙሶቹ ደረታቸው ላይ «ኦብሴ እና ቦንሳ» ተለጥፎባቸው ቆመዋል። አንድም ጉድፍ የለም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው፣ አዩኝ፣ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ «እረፊ በቃ፣ ደክሞሻል» ብለው ጭንቅላቴን ዳሰሱ። ስድስት ዓመት ሲሆነን ነክተውኝ አያውቁም። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጥር 19

ትናንት ነበር። ልጻፈው።

ጠረጴዛዎቹ ላይ መብራቱ ሲያርፍ ጠርሙሶቹ ወርቅ መሰሉ። የሙሽራው አክስቶች አንስተው ፎቶ አነሷቸው። ኦብሴ ከመድረኩ እጇን አውለበለበችልኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀና ብዬ የተራመድኩ አይመስለኝም።

የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ራስ ላይ የሙሽራው አጎት አቶ ሁንዴሳ ተቀምጠዋል። ቡሹን ነቅዬ ልቀዳላቸው ስል ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ልጄ፣ አትቀምሺልንም?»

ረስቼው ነበር። ጠላ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ የቀመሰውን ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። እማማ ሲያደርጉት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔ አሳልፌ ስለማላውቅ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። አተላውን ስቆጣጠር መዳፌን ረሳሁት።

«የታሸገ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ማን አሸገው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ያሸገችው ትቅመስልን።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ሥርዓት ነው የጠየቁት። ጠረጴዛው በሙሉ ጠበቀኝ። ብሩኬ ለስላሳ ይዞ ከወዲያ ጥግ ተቀምጧል፤ አየኝ። እማማ አዩኝ። ለታ ኮርኒሱን ያያል።

መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ጠጣሁ።

ምላሴን ነከሰኝ። ጉንጬ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እና ያሰብኩትን ልጻፈው፤ ለካ ሰው ይሄን ብሎ ነው የሚሰክረው ብዬ ገረመኝ። ጠላ ማለት ይሄ መሰለኝ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

«ይጠጡ» አልኳቸው።

አቶ ሁንዴሳ ተጎነጩ። አፋቸው ውስጥ አቆይተውት ዋጡት። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስተው አዩ።

«ጠርቷል» አሉ፤ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

በየጠረጴዛው ዞርኩ። አሁን መቅመስ ተምሬአለሁና በየጠርሙሱ እየቀመስኩ ዞርኩ። ሁሉም «ጠርቷል» ይላል፣ ሁሉም ያስቀምጣል። ተመልሼ ሳይ ብርጭቆው ሁሉ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሳህኑ ባዶ፣ ብርጭቆው ሙሉ።

ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተና እትዬ ወርቅቱ ጆግ ይዘው ወጡ። ከኋላቸው ቢጫ ጀሪካኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ጆጉ ውስጥ ያለው ጠላ ድፍርስ ነው፣ የጌሾ ስባሪ ይዋኝበታል፣ እኔ ብሆን ከበሩ እመልሰው ነበር። በመዳፋቸው ቀመሱና ቀዱ። ሰው የእኔን ጠላ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ እየደፋ ብርጭቆውን ዘረጋ። አቶ ሁንዴሳ ጨልጠው አስደገሙ።

«ይሄ ነው የአማከለች እጅ» አሉ።

የእማማ እጅ ጀሶ ውስጥ ነው። አፋቸው ግን ደህና ነበር፤ እትዬ ወርቅቱ ጋን አጠገብ ተቀምጠው ሲያዝዙ፣ ሲቀምሱ ከርመዋል። በእኔ ጌሾ። እኔ ጠርሙስ ሳገላብጥ ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ጠላ ጠምቋል። ሰርጉ እንዳይበላሽ ነው፣ አውቃለሁ። ይሄን አውቄም አቃጠለኝ።

በመኪና ስንመለስ እማማ «እንዳይከፋሽ ብለን ነው» አሉኝ። እውነት ለመናገር እሳቸው አንድ ጊዜ ነግረውኛል። ንፋስ አይወድም ብለውኛል። እኔ ነኝ አራስ ነው እንዴ ብዬ የሳቅኩባቸው። ግን ሰው ልጁን አንድ ጊዜ ነግሮ ዝም ይላል? እንግዳን ነው አንድ ጊዜ ነግረው ዝም የሚሉት።

ጥር 22

ብሩኬ ደወለ። «ለጊዜው ከመዘምራን አረፍ በይ ብለዋል። ሰው አይቶሻል።»

«ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም።»

«በየጠረጴዛው ነው አሉ።»

ይሄን ምን ብዬ ላስረዳው? በየጠረጴዛው ነው፣ እውነቱን ነው። እማዬን ክጃታለሁ፤ ለዚያውም ለኮምጣጤ።

እዚህ የቤት ልጅ አልሆንኩ፣ እዚያ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጥር 25

ሰው ሁሉ አምልኮ ሲሄድ እኔ እትዬ ወርቅቱ ቤት ሄድኩ። «ያንን ጠላ ያቅምሱኝ» አልኳቸው። ደነገጡ፣ ግን ቀዱ፤ በመዳፋቸው ቀምሰው ሰጡኝ። ድፍርስ ነው፣ ገለባ አለው። ጠጣሁት። መጀመሪያ ይመራል፣ ቀጥሎ የተቆላ እህል ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጭሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አይነክስም። አሁን ልዩነቱን አወቅሁ።

«እኔ የሠራሁት ኮምጣጤ ነው» አልኳቸው።

«ምን ይደረግ ልጄ።»

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

እትዬ ወርቅቱ ብርጭቆዬን አይተው ሞሉልኝ። እሳቸውም ሁለት ሦስት ብለዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

«ለታ ነው የነገረን። ገና ከነቢያት ጾም ሳንወጣ። 'ወጋዬ የሠራችው አይጠጣም፣ ሌላ ጠንስሱ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሩ' ብሎ ለመነን። አማከለች ልንገራት ስትል እሱ ነው የከለከላት። በጣም ነው የሚያስብልሽ።»

ለእናቱ ተናግሯል። ለእህቱ፣ ለጎረቤት ተናግሯል። ፓፓያውም ያውቃል። መዳፌን ዘርግቼ ሽማግሌ ፊት እናቴን ስክድ ኮርኒስ ያይ የነበረው ሰው፣ አንድ ቃል ቢነግረኝ እቤት እቀር ነበር።

ቤት ስመለስ ለታ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ የሚነዳውን ሚኒባስ ዛሬ አላወጣም። አልጋ ሥር የተረፉት ጠርሙሶች አሉ። አንዱን አውጥቼ ቡሹን ነቀልኩ፣ በትልቁ ብርጭቆ ቀዳሁለት። መዳፌ ላይ አድርጌ መጀመሪያ ቀመስኩ። ሥርዓት ነው። ከዚያ ሰጠሁት።

ብርጭቆውን ይዞ ወደ ፓፓያው ሊነሳ አለ።

«እዚሁ ጠጣው» አልኩት።

አየኝ። ብዙ አየኝ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ቢተነፍስ ብርጭቆውን እቀበለው ነበር። እሱ ግን አነሳና ጠጣው። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ፣ ዓይኑ እንባ ሲሞላ አየሁ። ከንፈሩን ጠረገ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለኝ።

ጠርሙሱን ዘቅዝቄ፣ የታችውንም ሳልተውለት ደግሜ ቀዳሁለት።